«ጀልባህ ጠጥታለች»፦ ጭነት ሲበዛ የሚያቃስተውን ሞተሬን ያዳንኩበት መንገድ

የካቲት 16 ነበር። የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሻገረው ምዕመን ገና ሳይነጋ ሐይቁ ዳር ተሰልፏል። 12 ሰው ጫንኩ። እኔና ረዳቴ ስንጨመር 14 ሆንን። ጧፍ አለ፣ የጠላ ጀሪካን አለ፣ ሁለት ጆንያ ዱቄት አለ።

ከዳር ወጣ እንዳልኩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠሁት። ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ሰቀለች፣ ኋላዋን ውሃ ውስጥ ቀበረች፣ በዚያው ቀረች። ሞተሩ ያቃስታል። ጭሱ ተመልሶ ሰው ላይ ይመጣል። አንዲት እናት «ልጄ፣ እንመለስ ይሆን?» አሉኝ። «ምንም አይደል እማማ፣ ሲሞቅ ይለቃል» አልኳቸው። አልለቀቀም። ባዶዬን ከ40 ደቂቃ ብዙም የማይፈጅብኝ መንገድ አንድ ሰዓት ከግማሽ በላ።

ይህን የምጽፈው በዚያ ዓመት ያወጣሁትን ገንዘብ ሌላ ሰው እንዳያወጣ ነው። ጣና ላይ፣ ዝዋይ ላይ፣ ሐዋሳ ላይ ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ይዛችሁ ሰውና ዕቃ የምታመላልሱ ከሆነ፣ የእኔ ጣጣ አንድ ቀን የእናንተም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ያለኝን ልንገራችሁ። ጀልባዋ ፋይበርግላስ ናት፣ 6 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ ከሌላ ሰው የገዛኋት። ሞተሩ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ነው፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልለት፣ ሁለት ምት የሚባለው ዓይነት። ጠንካራ ሞተር ነው። ዕድሜው ቢገፋም በአንድ ስቦ ይነሳል።

ከበዓሉ ማግስት ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ሞተሩን አስነሳ፣ ጆሮውን ጣል አደረገ፣ «ፋሻው አልቋል» አለ፤ ፒስተኑ ላይ የሚገባውን ቀለበት ማለቱ ነው። በቃ። ውሃ ላይ ይዞት አልወጣም። ጭነት አላየም። እኔም ከእሱ አልተሻልኩም፤ «እሺ፣ አድርግልኝ» አልኩ። ፋሻ ተቀየረ፣ ጋርኒሲዮን ተቀየረ፣ ካርብራተር ታጠበ። ወደ 15,000 ብር ወጣ። የወጡትን አሮጌ ፋሻዎች ስጡኝ ብዬ ተቀበልኳቸው። ቆይቶ ሌላ ባለሙያ አየልኝ፤ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግሉ ነበሩ።

ሞተሩም ያው ሆነ። ባዶ ሲሆን ይሮጣል፣ ሰው ሲጫን ያቃስታል።

ካንዴላ ቀየርኩ። ያው። ቤንዚን ቀየርኩ። ያው። በነገራችን ላይ ቤንዚኑን መጠርጠሬ ስህተት አልነበረም። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ በጀሪካን የሚሸጠውን እንገዛለን፤ እሱ ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩና እግዚአብሔር ያውቃሉ። ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ ቅዱና ዘይት ሳትቀላቅሉበት አሳድሩት። ውሃ ካለበት ጠዋት ከታች ተለይቶ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። የእኔ ንጹሕ ነበር።

የነዳጅ እጥረትን ከጭነት መክበድ የምትለዩበት ሌላ ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሩ በሙሉ ኃይል እየሄደ ሲደክም፣ ረዳታችሁ በቤንዚን ቱቦው ላይ ያለችውን የጎማ ፖምፓ በእጁ ይጭመቅ። ሞተሩ ወዲያው ነፍስ ከዘራ ነዳጅ እየደረሰው አይደለም ማለት ነው። ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ቱቦው አየር ይስባል፣ ወይም የጋኑ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻ ብሎን ተዘግታለች። ይህቺ ብሎን ስንቱን ሰው ሐይቅ መሐል አስቀርታለች መሰላችሁ። ስትጨምቁት ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እኔ ብጨምቅ ብጨምቅ ምንም።

እዚህ ላይ ስንት ወር እንደቆየሁ መናገር ያሳፍረኛል። ከጨለማው ያወጣችኝ ትንሽ ዕቃ ናት፤ የዙር መቁጠሪያ። የሞተሩ ዋና ዘንግ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የምታሳይ። ርካሽ የሆነችው ዓይነት ሽቦዋ በካንዴላው ገመድ ላይ ይጠመጠማል፣ ሌላ ሥራ የላትም። አንድ የማውቀው ልጅ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ።

ከሷ በፊት «ደከመ»፣ «ከበደ»፣ «ልቡ የለም» ነበር ወሬዬ። ከሷ በኋላ ቁጥር ማውራት ጀመርኩ። የእኔ ሞተር መመሪያ በሙሉ ነዳጅ ከ4,500 እስከ 5,500 ዙር ውስጥ መሆን አለበት ይላል። የእናንተ ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ መመሪያውን እዩ። ነገሩ ይህ ነው፤ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ሰጥታችሁ፣ በተለመደው ጭነታችሁ፣ ዙሩ ከዚህ በታች ከሆነ ሞተሩ እየታነቀ ነው። ዳገት በአራተኛ ማርሽ የሚወጣ አይሱዙ አስቡ። መኪና ሲሆን ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል። የጀልባ ሞተር ግን የሚቀነስ ማርሽ የለውም። ፊት፣ ኋላ፣ ዜሮ፤ በቃ። ስለዚህ ዝም ብሎ ይታነቃል፣ ይግላል፣ ካርቦን ይሠራል፣ አንድ ቀን ፒስተን ይበሳል። ከዚያ ነው ፋሻው እውነትም የሚያልቀው።

ለካሁ። እኔና ረዳቴ ብቻ ሆነን 4,600። ከ12 ሰው ጋር 3,400።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ወረቀት ላይ ስጽፋቸው 15,000 ብሬ ትዝ አለኝ። ሞተሩ ባዶ ሲሆን መመሪያው ካለው ክልል ውስጥ ይገባል። የሞተ ሞተር ይህን አያደርግም። ታዲያ ሞተሩን ለምን ፈታሁት? መጀመሪያ ባዶ፣ ከዚያ ጭናችሁ ለኩ። ባዶውም ካልደረሰ ያኔ ካንዴላ፣ ነዳጅ፣ የሲሊንደር ግፊት ፈትሹ። የነዳጅ መስጫ ገመዱንም እንዳትረሱ። ሞተሩ ጠፍቶ ክዳኑን ከፍታችሁ እጀታውን እስከ መጨረሻ ስትወስዱት ካርብራተሩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን በዓይናችሁ እዩ። ገመድ ይረዝማል፣ ሰው ሙሉ የሰጠ ይመስለዋል፣ ካርብራተሩ ሦስት አራተኛ ላይ ቆሟል።

ባዶው ክልሉ ውስጥ ቢገባም 4,600 ከታችኛው ድንበር ብዙ አልራቀም። ሁለት ሰው ብቻ ለያዘች ቀላል ጀልባ ያንሳል። ይህ ቁጥር አንድ ነገር ሊነግረኝ ፈልጎ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም። የነገሩኝ ሌላ ሰው ናቸው።

ዕድሜ ልካቸውን በታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ አባት አሉ። የደንገል ታንኳ ነው፤ ጣና ላይ ከጥንት ያለው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ከጥቂት ጊዜ አገልግሎት በኋላ ታንኳው ይከብዳል፣ ስለዚህ ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል፣ ሲደርቅ ይመልሱታል። አንድ ቀን ማለዳ ባዶ ቆማ ያለች ጀልባዬን ትክ ብለው አዩና «ልጄ፣ ጀልባህ ጠጥታለች» አሉኝ።

ሳቅሁ። «አባቴ፣ ይቺ እኮ ደንገል አይደለችም፣ ፋይበር ናት።»

«እኔ ምን አውቄ። ድሮ ያቺ ቀይ መስመር ከውሃ በላይ ነበረች» አሉኝ።

ቀይ መስመሯ የቀድሞው ባለቤት ያስቀባት ጌጥ ናት። አየሁት። ኋላ በኩል ውሃ ውስጥ ገብታለች። ሰው የለባት፣ ዕቃ የለባት፣ መስመሯ ግን ሰጥማለች።

የብዙ ፋይበርግላስ ጀልባዎች ወለል ድርብ ነው። በሁለቱ ወለል መካከል ቢገለበጡም እንዳይሰምጡ ፎም ይሞላል። ላይኛው ወለል ላይ ወንበር የታሰረበት ብሎን ሲላላ ወይም ስንጥቅ ሲኖር ውሃ በዚያ ይወርድና ፎሙ ይጠጣዋል። ኋላ ያለውን የውሃ ማውጫ ቡሽ ብትከፍቱ የተጠራቀመው ይወጣል እንጂ ፎሙ የጠጣው አይወጣም። ጀልባዋን አውጥቼ ከወንበር ሥር ወለሉን በትንሹ በሳሁት። ጣቴን ብሰድ ፎሙ እንደ ራሰ እንጀራ ነው።

ወለሉን ገልጠን ፎሙን በማንኪያም በቢላም አወጣነው። ያወጣነውን በጆንያ እያደረግን እህል መዛኝ ዘንድ ወስደን አስመዘንነው። ሰዎቹ አብደናል ብለዋል። 180 ኪሎ ገደማ ሆነ፤ ደረቁ ፎም ራሱ የሚመዝነው ከምንም አይቆጠርም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ሦስት የማይከፍሉ ተሳፋሪዎችን ለስንት ዓመት ከባሕር ዳር ዘጌ ሳመላልስ ኖሬያለሁ!

ጀልባዋን አድርቀን፣ አዲስ ፎም ገብቶ፣ ወለሉ ተዘግቶ ወደ ውሃ ስትመለስ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ቀለም ይዤ ደረቅና ባዶ ሆና ውሃው የነካትን ቦታ ኋላም ፊትም ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ዋጋው ምንም ነው። ምልክቱ መስጠም ሲጀምር ታውቃላችሁ። ከሆዷ ሥር የበቀለውን አረንጓዴ ዝቃጭም በዚያው አጋጣሚ ፈገፈግነው። እሱም ቢሆን ጀልባን እንደ ልጓም ይይዛል።

አሁን ስለካ ባዶ 4,900፣ ተጭና 3,650። ተሻሻለ፣ ግን ገና ነው።

ቀጥሎ የገረመኝ የአቀማመጥ ነገር ነው። እኔ ኋላ፣ የቤንዚን ጀሪካን ኋላ፣ የሰው ዕቃ ኋላ፣ ባትሪ ኋላ። ሰውም ፊት ሲቀመጥ ውሃ ስለሚረጨው ወደ ኋላ ይሸሻል። አህያ ስትጭኑ ጭነቱ ወደ ዳሌዋ ከተንሸራተተ እንደማትሄድላችሁ ሁሉ ጀልባም እንደዚያው ናት። ኋላዋ ሲሰምጥ ወደ ፊት የምትሄድ ሳይሆን የራሷን ማዕበል ዳገት የምትወጣ ትሆናለች። አፍንጫዋ የተሰቀለው ለዚያ ነው።

ጀሪካኖቹን ወደ መሐል አመጣኋቸው። የዱቄትና የቡና ጆንያ ፊት ሆነ። ፊት ለሚቀመጠው ሰው ከሸራ መከለያ ሠራሁለት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አያጉረመርምም። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ይህን ሁሉ ዳር ላይ ሳላችሁ አስተካክሉ። ሐይቅ መሐል «ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ በሉ» ብላችሁ ሰው እንዲነሳ አታድርጉ። ደግሞ ከመጠን በላይ ወደ ፊት ከጫናችሁ አፍንጫዋ ማዕበል ውስጥ ትሰካለች። ከሰዓት በኋላ የጣናን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሞተሩ ራሱ የተሰቀለበትን ሁኔታም አየሁ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ከፍታው ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ጠፍጣፋ ሳህን የመሰለች ክፍል አለች። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህቺ ሳህን ከጀልባዋ ሆድ ታችኛ ጫፍ ጋር እኩል ገደማ መሆን አለባት። የእኔ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ነበር። ይህ ማለት ሞተሩ ያለ አስፈላጊነቱ ውሃ ውስጥ ጠልቆ እግሩ እንደ መልሕቅ ይጎተታል ማለት ነው። ሞተሩ በሚታሰርበት ግድግዳ ላይ ጠንካራ እንጨት ጨምሬ አነሣሁት። በጣም ካነሣችሁት ደግሞ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስብና ሞተሩ በድንገት ይጮኻል፣ ጀልባዋ ግን ትቆማለች። ድምፁን አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም።

ሁለተኛው የማዘንበያዋ ብረት ናት። ሞተሩ የሚደገፍባት፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የምትቀየረው። ጭነት ሲበዛ ሞተሩ ወደ ጀልባዋ እንዲጠጋ ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ አግቧት፤ ግፊቱ አፍንጫዋን ወደ ታች ይመልሳል። ባዶ ስትሆኑ አንድ ቀዳዳ ወደ ውጭ። የእኔ ከተገዛች ጀምሮ ውጭኛው ላይ ነበረች። ዝገት ስለያዛት ለማውጣት መዶሻ ጠይቃለች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ተጭና 3,850።

አሁን ወደ ፕሮፔለሩ እንሂድ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ነው ማለት ይቻላል። ፕሮፔለሩ ላይ ሁለት ቁጥር ተቀርጿል። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው። ሁለተኛው በአንድ ሙሉ ዙር ስንት ኢንች ወደ ፊት ሊገፋ እንደተሠራ ይነግራል፤ ፒች ይሉታል። ትልቅ ፒች ማለት ትልቅ እርምጃ ነው፤ ባዶ እጁን ላለ ሰው ይመቻል። አንድ ኩንታል የተሸከመ ሰው ግን ትልቅ እርምጃ አይራመድም። አጠር አጠር አድርጎ ነው የሚሄደው። የእኔ 14 ነበር። ለሁለት ሰው መዝናኛ የተመረጠ ነው፣ ለ12 ምዕመን አይደለም።

በአብዛኛው አንድ ኢንች ፒች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። እኔ ቢያንስ ወደ 600 ገደማ ያስፈልገኝ ነበር። ሦስት ኢንች ቀንሼ 11 አመጣሁ። ሲገባለት ተጭና 4,450 ሆነች። ድምፁ ራሱ ተቀየረ። ማቃሰቱ ቀረ። ረዳቴ «ሌላ ሞተር አመጣህ እንዴ?» አለኝ።

ነጻ ነገር ግን የለም። በ11 ፕሮፔለር ባዶ ስሄድ 5,450 ይደርሳል። ከላይኛው ድንበር ጥግ ማለት ነው። ስለዚህ ባዶዬን ስመለስ እጀታውን እስከ መጨረሻ አልወስደውም። ፍጥነትም ባዶ ሲሆን ቀንሷል። አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን አይተው «ገደልከው» ይሉኛል። እኔ የምከፈለው ተጭኜ ስሄድ ነው። ፕሮፔለር መምረጥ ያለባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ለምትሄዱበት ጭነት ነው።

ፕሮፔለር ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያላችሁ ፕሮፔለር መሐሉ ላይ ያለው ጎማ እየተንሸራተተ እንዳይሆን አረጋግጡ። ድንጋይ ሲመታ ማርሹ እንዳይሰበር የተደረገ ጎማ ነው፤ ሲያረጅ ጭነት ሲበዛ ይንሸራተታል። ዙሩ ይጨምራል፣ ጀልባዋ አትሄድም። ከእኔ ችግር ተቃራኒው ማለት ነው። ከውስጠኛው ብረት እስከ ውጭኛው ድረስ በቀለም አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ፣ ጭናችሁ ሂዱ፣ ተመልሳችሁ እዩ። መስመሩ ከተሰበረ ጎማው አልቋል።

እንቦጭ ያለበት በኩል የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ፕሮፔለሩን እዩት። ሥሩ ይጠመጠማል፣ ቅጠሉ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያውን ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን እንደ ቀጭን ክር የምትወጣው ውሃ ከቀነሰች ወዲያው አጥፉ።

አሁን የከፍታውን ነገር ላምጣው፤ ብዙ ሰው አያስበውም። ጅቡቲ ባሕር ላይ የሠራ ጓደኛ አለኝ። «በ40 ፈረስ እኮ ከዚህ የበለጠ እንጭን ነበር» እያለ ያበሳጨኝ ነበር። አልዋሸም። ግን እሱ የሠራው ባሕር ወለል ላይ ነው። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር የሚኖረው ደግሞ በአየር ነው። በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። ለእኛ ወደ 18 በመቶ መሆኑ ነው። ክዳኑ ላይ 40 ተጽፏል፣ ጣና ላይ ግን 33 ነው። 7 ፈረስ መንገድ ላይ ቀርተዋል። (የጓደኛዬ ባሕር ጨው ስላለውም ጀልባን ትንሽ ከፍ አድርጎ ይይዛል። እሱ ግን ያን ያህል ለውጥ አያመጣም፣ ለክርክር ብቻ ነው ያነሣሁት።)

ስስ አየር ሌላም ጣጣ አለው። ካርብራተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ለዝቅተኛ ቦታ የተመጠነ ስለሆነ እዚህ ለአየሩ ይበዛበታል። ካንዴላዬን ሳወጣ ጥቁርና እርጥብ የነበረው ለዚህ ነው። ነዳጁን የምትመጥነውን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን አንድ ቁጥር ባነሰች አስቀየርኩ። ካንዴላው የገብስ ቆሎ መልክ ያዘ፣ ተጭና 4,600 ገባች። ይህን ግን በደንብ ከሚያውቅ ሰው ጋር ብቻ ሥሩት። ቀዳዳው ከመጠን በላይ ካነሰ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም ያንሳል፣ ፒስተን ይቃጠላል። ሞተሩን ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ጋምቤላ ባሮ ላይ ልትሠሩበት ከወሰዳችሁትም የድሮዋን ብሎን መልሱላት። የከፍታው ማነስ ራሱ አየሩን ያወፍረዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ስሌት ሠራሁ። መጀመሪያ መሥራት የነበረብኝን። ጀልባዋ 500 ኪሎ። ሞተሩ 75። ቤንዚንና ዕቃ 40። እኔና ረዳቴ 130። 12 ሰው በ65 ኪሎ 780። የሰው ጓዝ 150። ድምር 1,675። ለ33 ፈረስ ሲካፈል ለአንዱ ከ50 ኪሎ በላይ ይደርሰዋል። ጀልባ ከውሃ ወጥታ ላዩ ላይ እንድትንሸራተት በግምት ለአንድ ፈረስ ጉልበት ከ20 ኪሎ ብዙም መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ያቺ የካቲት 16 ምንም ብሠራ፣ ምንም ብጸልይ፣ አፍንጫዋ ዝቅ ብሎ እንደ ባዶ አትሮጥም ነበር። የምፈልገው ነገር ራሱ የሚሆን አልነበረም።

ውሃ ላይ መንሸራተት ያልቻለች ጀልባ ደግሞ ፍጥነቷን የሚወስነው ርዝመቷ ነው። የርዝመቷን ስኩዌር ሩት በሜትር ወስዳችሁ በ4.5 አባዙት፤ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ይነግራችኋል። የእኔ 11 ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ የምትጨምሩት ቤንዚን ማዕበል ለመሥራት ነው የሚሄደው። አሁን ስጭን ሙሉ ነዳጅ አልሰጥም። 3,600 ዙር ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ በስልኬ ጂፒኤስ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ታሳያለች፣ ሞተሩም ዘና ብሎ ይሠራል። ሙሉ ብሰጠው 13 ይሆናል። ለሁለት ኪሎ ሜትር ብዬ አላቃጥለውም። ድሮ ዘጌ ደርሶ መልስ 38 ሊትር የሚፈጅብኝ አሁን 24 ነው።

«3,600 ከ4,500 በታች አይደለም ወይ፣ ታንቋል ማለት ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። መመሪያው የሚለው ክልል ነዳጅ ሙሉ ሲሰጥ ሊደርስበት የሚገባው ነው። ሙሉ ሲሰጥ 4,600 መድረስ የሚችል ሞተር በግማሽ ነዳጅ 3,600 ላይ መሄዱ እረፍት ነው። ሙሉ ተሰጥቶ 3,400 ላይ መቅረቱ ነው መታነቅ። ይህን ልዩነት ለመረዳት እኔም ጊዜ ወስዶብኛል።

ሌላም ነገር አደረግኩ። ከ12 ሰው ወደ 10 ወረድኩ። በበዓል ቀን ሁለት ሰው ትቶ መሄድ ከባድ ነው፤ «አንድ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፣ ምን አለበት» የሚል አይጠፋም። ግን ከጀልባዋ ጠርዝ እስከ ውሃው ያለው ከፍታ በ12 ሰው ስንት እንደሚቀር በእጄ ለክቼ አይቼዋለሁ። አንድ ስንዝር አልሞላም። የነፍስ ማዳኛ ጃኬትም ያለኝ 12 ነው፤ ሁለቱ የእኔና የረዳቴ ናቸው።

የ14ቱ ፕሮፔለር ቤቴ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል። ለረጅም ጉዞ፣ ለምሳሌ ሁለት ሦስት ሰው ይዤ ጎርጎራ ድረስ ስሄድ አውጥቼ እገጥመዋለሁ። ለመቀየር አንድ ቁልፍና አንድ ፒንሳ ይበቃል። የፕሮፔለሩን ዘንግ ቅባት መቀባት አትርሱ፣ አለበለዚያ ይጣበቅና አልወጣ ይላችኋል።

ለእኚያ ታንኳ ላይ ለሚኖሩት አባት ሄጄ ነገርኳቸው፤ 180 ኪሎ ውሃ አወጣን ብዬ። ገርሟቸው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር። «አላልኩህም?» ብለው መረባቸውን መጠገን ቀጠሉ።

ባለፈው ወር ደግሞ አንድ የጀልባ ባለቤት ፊቱን አጥቁሮ መጣ። ሰው ሲጭን ጀልባው እንደማይሄድለት፣ ፋሻ አልቋል እንደተባለ፣ ነገ ሞተሩን ሊያስፈታ እንደሆነ ነገረኝ። የዙር መቁጠሪያዬን ሰጠሁትና «መጀመሪያ ባዶህን፣ ከዚያ ጭነህ ለካ» አልኩት። ሞተሩን አላስፈታም። መቁጠሪያዬን ግን እስካሁን አልመለሰልኝም።